የኮሌጅ ቦርድ እና የፍትሐዊነት ግብ

ቦርድ የአንድ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የበላይ አመራር አካል ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ በአዋጅ ቁጥር 650/2001 ተደንግጎ ነበር፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። ቦርዱ የዕለት ሥራ አይሠራም፤ የሚቀርብለትን ዕቅድና በጀት መርምሮ አፈጻጸሙን ይከታተላል።

የፍትሐዊነት ግብ ሕጋዊ መነሻ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሲሆን ሴቶች በተጨማሪ የድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሆኖም ለሴቶች ዝቅ የሚል የመግቢያ ነጥብ በሩን ብቻ ነው የሚከፍተው። ነጥቡን የሚወስነው ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ለቦርዱ የሚቀረው ዋና ጥያቄ የገባችው ተማሪ ትመረቃለች ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ጠቃሚ ግብ ከቅበላ ይልቅ ማቋረጥንና መመረቅን በፆታና በአካል ጉዳት ለይቶ ይቆጥራል፤ ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለማደሪያና ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫም በጀት ይይዛል።

በምዕራብ ጎጃም ጉዳዩ ጎልቶ ይታያል። ማደሪያ በሌለው ኮሌጅ የሚማር የገጠር ልጅ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰብ በሚላክለት ስንቅ ይኖራል። ስንቁ አልቆበት ወደ ግሽ ዓባይ የተመለሰው ልጅ መዝገብ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱን የጠየቀ ከሌለ ለቦርዱ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው።