ዕጢው ከቤቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? የፕሮስቴት ካንሰርና ጥምር የምስል ምርመራ

በጂዳ ሸረፊያ ሠፈር ከዒሻ ሶላት በኋላ ሻይ ይዘው በሚጨዋወቱ አባቶች መካከል አንድ ጉዳይ ሲነሳ በሳቅ ይታለፋል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት፣ ሽንቱ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ፣ ጨረስኩ ካሉ በኋላ መንጠባጠብ፤ ይህ ሁሉ «የዕድሜ ነገር ነው» ተብሎ ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም የዕድሜ ነገር ነው። ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቱቦን ከብቦ የሚገኘው የፕሮስቴት ዕጢ ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ ይህ ዕድገት በራሱ ካንሰር አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ካንሰሩ ሲጀምር ይህን ያህል እንኳ ምልክት አለማሳየቱ ነው። በሽታው የወገብና የዳሌ አጥንት ሕመም ሆኖ በሚገለጥበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከዕጢው ወጥቶ አጥንት ላይ ሰፍሯል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.47 ሚሊዮን ገደማ ወንዶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን፣ ወደ 397 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከሌላው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሐኪም በሽታውን ካገኘ በኋላ የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ካንሰሩ በዕጢው ውስጥ ታጥሮ ነው ያለው ወይስ ወጥቷል? ታጥሮ ካለ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊነቀል ይችላል፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። ወጥቶ ከሆነ ግን ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ታካሚውን ለከንቱ ሥቃይ መዳረግ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ የኖሩት ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ነበሩ። ሲቲ ስካን በተለምዶ ንፍፊት የምንላቸውን የሊምፍ ዕጢዎች የሚለካው በመጠናቸው ነው፤ ካንሰር ገብቶባቸው ገና ያላበጡትን አይለይም። የአጥንት ስካን ደግሞ የድሮ ስብራትንና የመገጣጠሚያ ሕመምንም እንደ ካንሰር ሊያበራ ይችላል።

ጥምር ምስል የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ዴቪድ ታውንሰንድና ሮን ነት የተባሉ ሳይንቲስቶች ፔትንና ሲቲን በአንድ መሣሪያ ያዋሐዱበት የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፒትስበርግ ሥራ ጀመረ። ሲቲው የሠፈሩን ካርታ ይስላል እንበል፤ ፔቱ በየትኛው ቤት መብራት እንደበራ ያሳያል። ካርታ የሌለው መብራት በጨለማ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም፤ መብራት የሌለው ካርታም ማን እንደነቃ አይናገርም። ለፕሮስቴት ካንሰር መብራቱን የሚያበራው ፒኤስኤምኤ ከሚባል ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ መድኃኒት ነው። ይህ ፕሮቲን በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ በብዛት ይገኛል። በጋሊየም 68 የተዘጋጀው መድኃኒት በጀርመን ሃይደልበርግ በታካሚ ላይ በ2011 ጥቅም ላይ ዋለ።

በአውስትራሊያ 302 ወንዶች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመ ጥናት የፒኤስኤምኤ ፔት ሲቲ ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የነባሩ ምርመራ 65 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ታካሚው የሚቀበለው ጨረርም ከግማሽ በታች ነበር። በዚያው አገር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ኤምአርአይን ከፒኤስኤምኤ ፔት ጋር አጣምሮ ሲመለከት፣ አደገኛ የሆነውን ካንሰር የማግኘት አቅም ኤምአርአይ ብቻውን ከነበረው 83 በመቶ ወደ 97 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይሁን እንጂ ምስሉ ፈራጅ አይደለም። ጥቂት የፕሮስቴት ካንሰሮች ፒኤስኤምኤን አያሳዩም፤ እነዚህ በፔት ጨለማ ሆነው ይቀራሉ። በአንጻሩ የምራቅ ዕጢዎች፣ ኩላሊትና የሽንት ፊኛ በጤነኛ ሰውም ላይ ደምቀው ይበራሉ። ምስሉን በስልኩ ከፍቶ አገጩ ሥር ብርሃን ያየ ሰው «አለቀልኝ» ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። የጎድን አጥንት ላይ የታየ ነጠላ ነጥብም ብዙ ጊዜ ካንሰር አይሆንም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና ላይ የሚደረገው ምርመራ ነው።

በጂዳ የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል፣ በመካም የንጉሥ ዐብደላህ የሕክምና ከተማ በሪፈር የተላኩ የካንሰር ሕሙማንን ከሚያክሙ ትልልቅ ተቋማት መካከል ናቸው። ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሚያስፈልገው መድኃኒት ግን ከመደርደሪያ የሚነሳ አይደለም። ጋሊየም 68 በ68 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሆስፒታሎች ጄነሬተር ከሚሉት ዕቃ በየዕለቱ ያወጡታል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን ሥራ «ላሟን ማለብ» ይሉታል፤ ከብት ላሳደገ ሰው የሚገባ ስያሜ ነው። በሳይክሎትሮን የሚመረተው ፍሎሪን 18 ደግሞ ግማሹ የሚጠፋው በ110 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ ከመካ ወደ ጂዳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ታካሚ፣ በተለይ በረመዷንና በሐጅ ወቅት፣ ቀጠሮው ላይ ቢዘገይ መድኃኒቱ አይጠብቀውም።

ከስኳር ጋር በሚሠራው የተለመደው ፔት መጾም ግድ ሲሆን፣ ለፒኤስኤምኤ ግን በአብዛኛው አያስፈልግም፤ እንዲያውም ውኃ መጠጣት ይመከራል። ስለሆነም በረመዷን የተያዘ ቀጠሮ ሲኖር አስቀድሞ ሐኪሙን ማነጋገር ተገቢ ነው። መርፌው ከተወጋ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ፊኛን ባዶ አድርጎ ወደ ማሽኑ መግባት ምስሉን ያጠራል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ነፍሰ ጡርንና ሕፃናትን ከማቀፍ መቆጠብ ይገባል።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲሰሙ በቀጥታ ፔት ልነሳ ብለው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ከጅራቱ መጀመር ነው። መንገዱ የሚጀምረው ፒኤስኤ ከሚባለው ቀላል የደም ምርመራና ከሐኪም ጋር ከሚደረግ ግልጽ ንግግር ነው፤ ቀጥሎ ኤምአርአይ፣ ከዚያም ናሙና። ፔቱ የሚመጣው ሐኪሙ በሽታው ተስፋፍቶ እንደሆነ ሲጠራጠር ወይም ከሕክምና በኋላ ፒኤስኤ እንደገና ሲጨምር ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ ኢቃማ ያለው ሠራተኛ የጤና መድን የሚገባለት በአሠሪው ስለሆነ፣ ከምርመራው በፊት የመድን ድርጅቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ አንድ ነገር ይጨመር። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ የቆየው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያክም ሐኪም፣ ጂዳ የተነሳውን ምስል ካላየ ከዜሮ ይጀምራል። ከሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል የምስሉን ሲዲ፣ የጽሑፍ ውጤቱንና የናሙናውን ሪፖርት፣ ከእነዚህም ጋር የፒኤስኤ ቁጥሮችን ከነቀናቸው ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። የመውጫ ቪዛ ከመመታቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሄዱ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ማስላክ አድካሚ ነው።