ከባዶ እግሩ ባሻገር

ከማሠለጥናቸው ወጣት ሯጮች መካከል አበበ ቢቂላን የማያውቅ አላጋጠመኝም። ብዙዎቹ የሚያውቁት ግን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ብቻ ነው። ዝና ስምን ሩቅ አገር ያደርሳል፤ ሰውየውን ግን ሙሉውን አያደርስም። ከዕድሜው አንዲት ቀን መርጦ ሌላውን ይተወዋል።

ለአበበ የተመረጠችው ቀን እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2:15:16 ያሸነፈባት ናት። ጫማውን የተወው ስላልተመቸው ነበር። እኔ ለልጆቹ አብዝቼ የምነግራቸው ግን የ1964ቱን ቶኪዮ ነው። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ያም ሆኖ ጫማ ተጫምቶ ሮጠ፤ በ2:12:11 ገብቶም የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሻለ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደገባ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የዓለም ሕዝብ ተደነቀ። ሙያውን ለሚያውቅ ግን ያ ጉልበት የዚያን ዕለት የመጣ አይደለም። ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጋር፣ በክቡር ዘበኛ ወታደርነቱ፣ ተመልካች በሌለበት ለዓመታት የተጠራቀመ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዝነኛ ያደረጉትን እግሮች ቢያጣም ከውድድር አልራቀም፤ እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እዚያ የሮም ጭብጨባ አልነበረም። የሰውየውን ማንነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ ይህ ነው።

ዛሬ ወደ ልምምድ የሚመጡ ልጆች ከሰዓታቸው መሻሻል በፊት መታወቅን ሲመኙ አያለሁ። አልፈርድባቸውም፤ የሰማነው የድል ቀንን ብቻ ስለሆነ ነው። መታወቅ ደግሞ በሯጩ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ ሕዝብ ይሰጣል፣ ሕዝብ ይረሳል። በሯጩ እጅ ያለው የዛሬ ልምምዱ፣ እንቅልፉና ትዕግሥቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና የስፖርት ጋዜጠኞች ሆይ፣ ስለ ጀግና ስትናገሩ ከወርቁ በፊት የነበሩትን ዓመታትና ከጭብጨባው በኋላ የመጣውን ፈተናም ተናገሩ። ልጆቻችን አበበን መምሰል የሚችሉት ሙሉውን አበበን ካወቁ ብቻ ነው።