ብቻውን ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ የዕረፍት ቀን ለምን ያስፈልጋል?

(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። ብቻውን በብስክሌት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ሙሉ ቀን ማረፍ ያለበት መቼ ነው? ለምንስ? መልሱን ለማግኘት የሰውነትን አሠራር፣ የመልክዓ ምድሩን ጠባይና የሰውን የውሳኔ ችሎታ አንድ ላይ ማየት ይኖርብናል። ለምሳሌነት የምንወስደው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጭሮ በኩል ወደ ሐረር የሚያደርሰውን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ተጓዡ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ አልፎ አዋሽ ሰባት ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚያ እስከ ሚኤሶ ያለው አገር ሞቃት ቆላ ነው። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ይጀምራል። የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እስከ ሐረር ደግሞ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ይህም በሂርና አልፎ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው የቁልቢ ደጋ የሚወጣ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት መንገድ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ጭሮ የሚደርሰው የቆላውን ሙቀትና የመጀመሪያውን ዳገት ተሸክሞ ሲሆን፣ ከባዱ ክፍል ገና ከፊቱ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በስተ ደቡብ ወደ ቦኬ ለመዝለቅ ያሰበም ቢሆን ሆስፒታል፣ ፋርማሲና የብስክሌት ጠጋኝ በቀላሉ የሚያገኘው በዞኑ ዋና ከተማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ቢፈቀድ ቦታው ጭሮ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሰውነት እንግባ። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ግላይኮጅን ይባላል። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ መጠኑ 500 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ጓዝ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ከስብ ክምችቱ ቢታገዝም እንኳ ይህን ስንቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያሟጥጠው ይችላል። ማታ የሚበላው እራት የጎደለውን በሙሉ ካልተካ፣ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ዕዳ ይጠራቀማል።

የዚህን ዕዳ አከፋፈል ያሳየ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። በርግስትረምና ሁልትማን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን መሞከሪያ አደረጉ። በአንድ ቋሚ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ ፔዳል መቱ፤ ሌላው እግራቸው ሥራ ፈትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከባድ ሥራ ሳይሠሩ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ ተመገቡ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ የሠራው እግር ካልሠራው እግር እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አከማቸ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ የደከመ ጡንቻ ዕረፍትና ምግብ ካገኘ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ስንቅ ይይዛል። ሁለቱ ካልተሟሉለት ግን ባዶውን ይቀጥላል።

ክምችቱን በአንድ ቀን ለመመለስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ7 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት እንደሚያስፈልግ የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ ከ420 እስከ 600 ግራም ይሆናል። ይህን ያህል በሁለት ማዕድ አይገኝም፤ ቀኑን ሙሉ መብላት ይጠይቃል። የማሽላ እንጀራው፣ በቆሎው፣ ድንቹና ሙዙ በአካባቢው ገበያ ስላሉ የሚያስፈልገው ጊዜና መቀመጫ ነው። የዕረፍት ቀን የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ መብላት ነው፤ ሁለተኛው መተኛት ነው። ካቴናውን መቀባት፣ ፍሬኑን መፈተሽና ከመነዳሪውን መለጠፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ባይወስዱ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ተጓዦች ለምን አያርፉም? በእኔ አስተያየት መልሱ ከራሱ ከብስክሌቱ ይጀምራል። ቀድሞ በአገራችን ረጅም መንገድ የሚኬደው በበቅሎ ነበር። በቅሎ ሲደክማት ትቆማለች፤ ካላረፈችም ጀርባዋ ገጣባ ይሆናል። ባለቤቷ ቢቸኩልም እንስሳዋ ታሳርፈዋለች። አየርላንዳዊቷ ደራሲ ደርቭላ መርፊ ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ ታውቅ ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ብቻዋን ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት ተጓዘች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በኢትዮጵያ በቅሎ እየመራች በእግሯ ተጓዘች። ብስክሌት ግን አይደክመውም፤ «በቃህ» የሚል ጓደኛም አይደለም።

በውድድር ዓለም ይህን ቃል የሚናገረው ደንቡ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የዚያ ውድድር 21 ክፍሎች በመካከላቸው ሁለት የዕረፍት ቀናት ነበሯቸው። ተወዳዳሪው ሐኪም፣ ወጌሻና አሠልጣኝም አለው። ብቸኛው ተጓዥ ግን ደንብ አውጪውም፣ ሐኪሙም፣ ተወዳዳሪውም ራሱ ነው። ችግሩ ድካም ከጉልበት ጋር ማመዛዘንንም የሚቀንስ መሆኑ ነው። ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጭነት መኪና በሚበዛበት ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሴኮንድ መዘግየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ሊታለፍ የማይገባው የጫት ጉዳይ አለ። ጫት ለአካባቢው ገበሬ የገቢ ምንጭ፣ ለብዙዎችም የማኅበራዊ ኑሮ አካል ነው፤ የምናገረው ስለ ደከመ ሰውነት ብቻ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር የልብ ምትን ያፋጥናል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ይነሳል። እንግዳ ተቀባይ በሆነ በርጫ ላይ የዋለ ብስክሌተኛ በምርቃናው ድካሙ የጠፋ ይመስለዋል። የጠፋው ግን የድካሙ ምልክት ነው። መብላትና መተኛት የዕረፍት ቀን ዋና ሥራዎች ከሆኑ፣ ሁለቱንም የሚከለክል ነገር ቀኑን ያባክነዋል።

ስለዚህ ውሳኔው ከድካም በፊት መወሰን አለበት። ተጓዡ በየማለዳው ከመኝታው ሳይነሣ አራት ነገሮችን በማስታወሻ ደብተሩ ቢመዘግብ እመክራለሁ፤ የልብ ምቱን፣ የእንቅልፉን ሁኔታ፣ የምግብ ፍላጎቱንና ስሜቱን። የልብ ምቱ ከተለመደው በግልጽ ከፍ ካለና ከቀሩት አንዱም ከተበላሸ፣ በዚያ ቀን አይነዳም። ምልክት ባይታይ እንኳ በየስድስት ቀኑ አንድ ቀን ያርፋል። ትኩሳት ካለው ግን ጉዳዩ የዕረፍት አይደለም፤ ያለፈበት ቆላ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ማስመርመር አለበት።

በቀጠሮ ማረፍ ለእኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንዲከበር ሲወስን፣ ምእመናኑን «ደክሟችኋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ሰንበት የደከመውንም ያልደከመውንም እኩል ያስቆማል። የሥርዓቱ ጥበብ የዕረፍትን ውሳኔ ከደከመው ሰው እጅ ማውጣቱ ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰውም ይህንኑ ለራሱ ማድረግ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ጭሮ ላይ የሚያርፍበትን ቀን በደብተሩ ይጻፍ፤ በዚያች ማለዳ ብርታት ቢሰማውም አይሰርዘው።