አርሴኒክ፦ ከፍራንክፈርት መድኃኒት እስከ ስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ

የፍራንክፈርት ከተማ ስም ከአርሴኒክ ጋር የተቆራኘው በመድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ፓውል ኤርሊሽና ጃፓናዊው ባልደረባቸው ሳሃቺሮ ሃታ፣ በዚያች ከተማ የአርሴኒክ ውሁድ የቂጥኝን ተሕዋስ እንደሚገድል አረጋገጡ። በማግሥቱ ዓመት የሆክስት ኩባንያ ውሁዱን «ሳልቫርሳን» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ይሁን እንጂ የንጥረ ነገሩ ሌላ ገጽታ ከዚያ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን፣ አርሴኒክን በመድኃኒትነት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች በቆዳ ካንሰር መያዛቸውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገልጸዋል። ከፍራንክፈርት በስተምዕራብ በሚገኘው የሞዘል ሸለቆም የወይን ገበሬዎች ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። እነዚህ ገበሬዎች አርሴኒክ ያለበትን ፀረ-ተባይ ይረጩ፣ ከወይን ጭማቂ ተረፈ ምርት የሚጠመቀውንም የቤት መጠጥ ይጠጡ ነበር። ፀረ-ተባዩ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1942 ቢታገድም፣ ካንሰሩ ግን ከአሥርተ ዓመታት በኋላም መታየቱን ቀጠለ።

ቆዳ ለምን ይጎዳል?

አርሴኒክ በድኝ ከበለጸገው ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በቆዳ፣ በፀጉርና በጥፍር ውስጥ ይከማቻል። ጉበት መርዙን ለውጦ በሽንት ለማስወገድ ቢጥርም፣ በሂደቱ የሚፈጠሩ ውሁዶች ሕዋሳት የተጎዳ ዘረመላቸውን የሚጠግኑበትን ሥርዓት ያውካሉ። በቆዳ ላይ የሚታዩት ቀዳሚ ምልክቶች የቀለም መዥጎርጎር፣ እንዲሁም የመዳፍና የውስጥ እግር መጠጠርና መሻከር ናቸው። ፀሐይ የሚያስከትለው የቆዳ ካንሰር በአብዛኛው ፊትንና አንገትን ሲያጠቃ፣ የአርሴኒኩ ግን በልብስ የተሸፈነውንም የሰውነት ክፍል አይምርም። ሳንባና ፊኛም ለካንሰር ይጋለጣሉ።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ የተካሄዱ ጥናቶች፣ በአንዳንድ ጉድጓዶች የአርሴኒክ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን በላይ መሆኑን አሳይተዋል። ወሰኑ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ግራም ብቻ ነው። ምንጩ ፋብሪካ ሳይሆን የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ዐለትና ደለል ነው።

በዚያው ሸለቆ ፍሎራይድ የሚያደርሰው ጉዳት በልጆች ጥርስ መበለዝ ቶሎ ይታወቃል። አርሴኒክ ግን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። ውኃውን ማፍላትም አይጠቅምም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ የቀረው ውኃ መርዙን ይበልጥ አምቆ ይይዛልና። መፍትሔው ጉድጓዱን በላቦራቶሪ ማስመርመር ነው፤ መጠኑ ካለፈም አርሴኒክን የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ማጣሪያ መጠቀም ወይም የውኃውን ምንጭ መለወጥ ያስፈልጋል።

የሞዘል ገበሬዎች ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ መርዙ ከቆመ በኋላም በሽታው ይቀጥላል። ስለዚህ አንድን ጉድጓድ ለመመርመር የሕዝቡ መዳፍ እስኪሻክር መጠበቅ አይገባም።