ተጨማሪ መረጃ፦ ከማደል ወደ መወትወት

ለችግረኛ ቤተሰብ ዱቄትና ዘይት ማደል አንድ ሥራ ነው፤ ያው ቤተሰብ ከይዞታው ሲነሳ ተገቢውን ካሳ እንዲያገኝ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መወትወት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም የመብት ሥራው፣ በአገራችን ለ10 ዓመት ያህል ተዳክሞ ቆይቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ከልክሎ ነበር። የአገር ውስጥ ለጋሽ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የመብቱን ሥራ ትተው ወደ ልማትና እርዳታ ዞሩ። ገደቡን ያነሳው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ይኸው ሕግ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ይደነግጋል። ወደ ሙያው ለሚገባ ወጣት እንግዲህ ርኅራኄ ብቻውን አይበቃውም፦ ደረሰኝ ማወራረድ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት መጻፍ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ቅጽ መሙላት ይጠብቀዋል።