ማውሱ «አልታዘዝም» ሲል

በኮምፒውተር ክፍላችን አዘውትረን የምንሰማው አቤቱታ «ማውሱ ሞቷል» የሚል ነው። በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትንቀጠቀጣለች፣ ወደ ጎን ትሄድና ወደ ላይ አልወጣም ትላለች፣ አለዚያም ከነአካቴው ቀጥ ትላለች። ሆኖም ሞተ ተብሎ ጥግ ከተጣለው ውስጥ ብዙው የቆሸሸ ብቻ ነው። አንድ ማሽን ለሦስትና ለአራት ሰው በሚዳረስበት ክፍል አንድ ማውስ ሥራ ሲያቆም የብዙ ሰው ትምህርት አብሮ ይቆማል፤ ምትኩ ከከተማ እስኪመጣ ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጽዳቱ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲሠሩ አካሉ ከእንጨት ነበር፤ ከሥሩም ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች ነበሩት። ዛሬ በእጃችን የሚገባው ሁለት ዓይነት ነው፦ ከአሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር አልፎ አልፎ የሚገኘው ባለ ኳሱና ከሥሩ ብርሃን የሚያበራው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉና ማውሱን ንቀሉ። በተለይ ክብ መሰኪያ ያለው የድሮው ዓይነት ማሽኑ እየሠራ መነቀል የለበትም።

ባለ ኳሱን ገልብጡት። በሆዱ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ቀስቱ በሚያመለክተው አቅጣጫ ስታዞሩት ይለቃል፤ ኳሱ እንዳይንከባለል መዳፋችሁን ከሥሩ አድርጉ። ኳሱ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ጎማ ነው። በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥባችሁ ብናኝ በማይተው ጨርቅ አድርቁት። አልኮል ጎማውን ስለሚያደርቀው ለኳሱ አይሁን።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ከኳሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚያ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይታያሉ፤ አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የላይና ታቹን እንቅስቃሴ ይቆጥራል። ሦስተኛዋ ትንሽ ተሽከርካሪ በሞላ እየተገፋች ኳሱን ወደ ሁለቱ ታስጠጋለች። አቧራ፣ የጨርቅ ብናኝና የእጃችን ወዝ ተጋግረው በዘንጎቹ ወገብ ላይ እንደ ቀለበት ይጠመጠማሉ። ቀስቷ የምትዘለው ይህ ቀለበት ኳሱን ስለሚያነጥረው ነው። ዘንጉን በጣት እያዞራችሁ በጥፍር ወይም ጫፉ በቀጠነ መፋቂያ ፋቁት፤ ምላጭና ካቻቢቴ ግን ዘንጉን ይቧጭራሉ። ስትፍቁ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቁት፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። በመጨረሻ አልኮል በነካው ጥጥ ጥረጉ፤ የጥጡ ክር እዚያው ቀርቶ እንደገና እንዳይጠመጠም ተመልከቱ። ሁሉም ሲደርቅ ኳሱን መልሱ።

ባለ ብርሃኑ ማውስ የሚጠርግ ኳስ የለውም። በብርሃኑ እየታገዘ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶግራፍ ያነሳና ሥዕሎቹን እያወዳደረ እንቅስቃሴውን ያውቃል። አንዲት ፀጉር ቀዳዳው ውስጥ ከገባች ግን ይደናገራል። በእንጨት ጫፍ ላይ በተጠመጠመ ደረቅ ጥጥ በቀስታ ማውጣት ይበቃል፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ስለሚረጭ አይመከርም። መስተዋትና የሚያብለጨልጭ ጠረጴዛም ያስቸግሩታል። ማውስ ፓድ ከሌለ የካርቶን ቁራጭ ያገለግላል፤ ካርቶን ደግሞ በካምፓችን ጠፍቶ አያውቅም።

ተጸድቶም እምቢ ካለ ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላልና። ገመዱን ስታነቃንቁ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተቆርጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከማውሱ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ስታስቀምጡ ገመዱን በማውሱ ላይ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት። አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ የሚቆጥር ቁልፍ ደግሞ ያለቀ ስለሆነ ጽዳት አያድነውም።

ነፋስ በሚበረታበት ወቅት በየሳምንቱ፣ በሌላው ጊዜ በወር አንዴ ማጽዳት ይበቃል። ማታ ጨርቅ አልብሱት፤ የጠመኔ እጃችሁንም ሳትታጠቡ አትንኩት። ፈጽሞ የማይሠራውን አትጣሉት፣ ለክፍሉ ኃላፊ አስረክቡ፤ ገመዱ ወይም ቁልፉ ለሌላው መጠገኛ ይሆናል።