ፈጠራን ይፋ ከማድረግ በፊት የፓተንት ማመልከቻ ይቅደም

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የፓተንት ማመልከቻ የሚቀርበው ለኢኮኖሚና ቱሪዝም ሚኒስቴር ሲሆን፣ ሥራው በ2021 በወጣው ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 11 ይመራል። ፈጠራው አዲስ፣ ለዘርፉ ባለሙያ በቀላሉ የማይገመትና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል መሆን አለበት።

መብት ከሚታጣባቸው መንገዶች አንዱ ችኮላ ነው፤ ማመልከቻ ሳይገባ አሠራሩን በቪዲዮ ማሳየት። ሕጉ ለፈጣሪው የ12 ወራት ፋታ ቢሰጥም፣ ይህን ፋታ የማይቀበሉ አገሮች አሉ። ተቀጣሪ ሠራተኛም የሥራ ውሉን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል፤ በውሉ መሠረት በተሠራ ሥራ የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው።

ማመልከቻው ዝርዝር መግለጫ፣ ሥዕልና ጥበቃ የሚጠየቅባቸውን ነጥቦች ይይዛል። የመብቱን ወሰን የሚያሰምሩት እነዚህ ነጥቦች ናቸውና የዐረብኛው ትርጉም ጥንቃቄ ይሻል፤ «መዕደን» (ማንኛውም ብረታ ብረት) መባል የሚገባው «ሐዲድ» (ብረት) ተብሎ ቢጻፍ፣ ዕቃውን ከአልሙኒየም የሚሠራ ተፎካካሪ ከክልከላው ሊያመልጥ ይችላል።

ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ይጸናል፤ ዓመታዊ ክፍያም አለው። ከአገሪቱ ድንበር ግን አያልፍም፤ በኢትዮጵያም ጥበቃ የሚፈልግ ለኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለብቻው ማመልከት ይኖርበታል።